የእትዬ አንጓች ማሽን

ባለፈው ቅዳሜ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያዬ አቼቶ አፈላሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ቤት ተከራይቶ በቧንቧ ውሃ የሚኖር ሰው አልፎ አልፎ ይህን ማድረጉ አይቀርም። በዕቃው ታች ነጭ ነገር እየጋገረ ይመጣል፤ መጀመሪያ እንደ ዱቄት፣ ቀጥሎ እንደ እንቁላል ቅርፊት፣ ከሰነበተ ደግሞ እንደ ኖራ ግድግዳ ይሆናል። ያኔ ውሃው ለመፍላት ይለግማል፣ ማንቆርቆሪያውም ውስጥ ውስጡን ያጉረመርማል። አቼቶው ሲፈላ ሽታው አፍንጫ ሰርስሮ ገብቶ ዓይን ያስለቅሳል። መስኮት ልከፍት ተነሳሁና እጄ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸተትኩት በልጅነቴ፣ በእትዬ አንጓች ግቢ ነበር። እሳቸው ከዚያ በኋላ አቼቶ ቤታቸው እንዲገባ አልፈለጉም።

እትዬ አንጓች አከራያችን ነበሩ። አባቴ ከወሎ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ሲመጣ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከእሳቸው ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞተውባቸው አንዲት ልጃቸውን የኔነሽን ያሳደጉት የሰው ልብስ በማጠብ ነው። የአስተማሪ ሸሚዝ፣ የነርስ ጋውን፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ሆቴል አንሶላ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ ወደ እኛ ግቢ ይመጣ ነበር። ገመዱ ላይ ልብስ የማይሰጣበት ቀን አልነበረም። ነፋስ ሲነሳ አንሶላዎቹ እንደ ሸራ እየተነፉ ፊቴን ይመቱኛል፤ በመካከላቸው ስሮጥ ነው ያደግኩት። ያን ግቢ ሳስብ የእርጥብ ጨርቅና የበረኪና ሽታ ይቀድምብኛል፤ ከዚያ የከሰል ካውያው ሙቀት ይመጣል፤ ከዚያ እጃቸው።

እጃቸው ክረምት ከበጋ የተሰነጠቀ ነበር። ማታ ማታ ስንጥቁን ቫዝሊን ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው ይተኛሉ፤ ጠዋት ጨርቁን ሲፈቱት ደም ይዞ ይወጣል። እናቴ ሥራ ሲበዛባት ጸጉሬን የሚጎነጉኑልኝ እሳቸው ነበሩ። ጣታቸው ሸካራ ስለሆነ ጸጉሬ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ይያዛል። እኔ "ወይኔ!" ስል እሳቸው ደንግጠው እጃቸውን ያነሱና "አይ እጅ፣ እሾህ አበቀልክ እኮ" ብለው ይወቅሱታል።

ድሮ ወንዝ እየወረዱ ያጥቡ ነበር። ቧንቧው ግቢያቸው ድረስ የገባ ቀን እልል ብለው ነበር አሉ። ውሃው ግን ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ፣ ድንጋይ ያለበት ውሃ ነው፤ ሳሙና አያነሳም። አረፋ በመስጠት ፈንታ ሳፋው ላይ እንደ ተቆራረጠ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። "የወንዙ ውሃ ሳሙና ይወዳል፤ ይኸኛው ግን ይጣላዋል" ይሉ ነበር። ውሃና ሳሙና ተጣልተው የሚደክመው የእሳቸው ክንድ ነው። ወንዝ ለመውረድ ደግሞ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል።

የኔነሽ እናቷን የምትመስል፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። የአስረኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር ወደ ቤይሩት ለመሄድ ተነሳች። የሄደች ዕለት ግቢው በጎረቤት ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ የእናቷን እጅ ይዛ ገለበጠችውና መዳፋቸውን አየችው።

"እማ፣ ይህን እጅ ከሳፋ ሳላወጣ እግሬ ደብረ ታቦርን አይረግጥም" አለች።

"ኧረ ተይ!" አሉ እትዬ አንጓች ደንግጠው። "መንገደኛ እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም። 'ደህና እመለሳለሁ' በይ።"

"ደህና እመለሳለሁ" አለች የኔነሽ።

የኔነሽ የላከችው የልብስ ማጠቢያ ማሽን የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ክረምት ላይ ነው። ከቤይሩት ተልኮ፣ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጭኖ ደረሰ። ጎረምሶች ተሸክመው በጭቃው እየተንሸራተቱ ሲያስገቡት የሰፈሩ ሰው በሙሉ አጅቦት ነበር። ነጭ ነው፤ ፊቱ ላይ ክብ መስታወት አለው። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን "ቴሌቪዥን ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁ። አባቴ ቱቦውን ከቆርቆሮው ጣሪያ የዝናብ ውሃ ከሚያጠራቅመው በርሜል ጋር አገናኘው። የመጀመሪያው ልብስ ሲገባ ሁላችንም ዱካ ዱካ ይዘን በመስታወቱ ፊት ተቀመጥን። ልብሱ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ አረፋው ይጋልባል። እትዬ አንጓች ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ደግሞ ተነሱ።

"አሁን እኔ ምን ልሥራ?" አሉ።

"ይቀመጡ እንጂ እትዬ፤ እየታጠበልዎት እኮ ነው" አለች እናቴ።

ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩዋቸው። ከዚያ አለቀሱ።

ያ ክረምት የግቢያችን ደግ ዘመን ነበር። ልብሱ ፀዐዳ ሆኖ ይወጣል፤ የሆቴሉ ባለቤት ሌሎችንም ደንበኞች ላከላቸው። የእጃቸው ስንጥቅ እየተደፈነ ሄደ። ለዘመን መለወጫ ጸጉሬን ሲጎነጉኑልኝ ጣታቸው አልያዘኝም። ጨርሰው "አለቀ" ሲሉኝ አላመንኩም፤ እንቅልፍ ሸልብ አድርጎኝ ነበር።

ዝናቡ አቆመ። በርሜሉ ሲደርቅ ማሽኑ ወደ ቧንቧው ዞረ። ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ ውሃ ውሃ ነው ብለን ነበር። መጀመሪያ ልብሱ ሲደርቅ እንደ ቆዳ መድረቅ ጀመረ። የነርሶቹ ጋውን ነጭነቱን ጥሎ አመድ አመድ አለ። ከዚያ ማሽኑ ራሱ ሥራ ላይ መዘግየት፣ ማጓራት፣ መቆም አመጣ። በጾሙ ወራት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሆቴሉን አንሶላ እያጠበ ሳለ "ጧ!" አለ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤ የቤቱ መብራት ሁሉ ጠፋ። እትዬ አንጓች እየሮጡ መጥተው መስታወቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚያዝ።

ገበያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ሱቅ ያለው ይማም ተጠራ። ቀድሞ የመጣ ሌላ ጠጋኝ የመብራት መዋዠቅ ነው ብሎ ሽቦ ቀይሮ ሄዶ ነበር፤ ከገበያ እስከ ገበያ እንኳ አልቆየም። ይማም ጀርባውን ፈታና ውሃ የሚያሞቀውን ብረት ስቦ አወጣ። ብረት መሆኑ አይታወቅም፤ የጣት ውፍረት ያለው ነጭ ድንጋይ ለብሷል። በመፍቻው ሲመታው እየተፈረፈረ መሬት ላይ ወደቀ።

"እናቴ፣ የበላው ውሃው ነው" አለ ይማም። "ቧንቧችን ድንጋይ አለበት። ሲሞቅ ድንጋዩ ብረቱ ላይ ይጋገራል፤ ብረቱ ሙቀቱን ማውጫ ሲያጣ ራሱን ያቃጥላል። ስንቱን ቦይለር እንዲህ አድርጎታል መሰለዎት።"

"ይሄ ሁሉ ድንጋይ ከዚያ ከምንጠጣው ውሃ ነው?" አሉ።

"ከዚያው ነው።"

እትዬ አንጓች አንዱን ስባሪ አንስተው በጣታቸው አሹት፤ ዱቄት ሆነ። 

ብረቱን የሚተካ ዕቃ ደብረ ታቦር የለም፣ ባሕር ዳርም ጠፋ። ከአዲስ አበባ ተፈልጎ እስኪመጣ ማሽኑ ቆሞ ከረመ፤ ተገጠመ፤ ጥቂት ሠርቶ እንደገና ድንጋይ ለበሰ። አንዲት ደንበኛ አቼቶ ድንጋዩን ይበላል ብላ መከረቻቸው። ማሽኑን አቼቶ ሞልተው ባዶውን አስዞሩት። ግቢው በሽታው ታፍኖ ዋለ፤ ሁላችንም እያለቀስን ደጅ ወጣን። ድንጋዩ በእርግጥ ለቀቀ፤ ከድንጋዩ ጋር ግን የበሩ ጎማም ተበልቶ ኖሯል፣ ወይም ጊዜው ደርሶ ነበር፤ በነጋታው ውሃው በበሩ ሥር እየፈሰሰ ሞተሩ ውስጥ ገባ። ይማም መጥቶ አየው፤ መፍቻውን ሳያወጣ ተመለሰ።

እትዬ አንጓች ሳፋቸውን ከቤት ጀርባ አወጡ። የጠፉ ደንበኞች አልተመለሱም፤ የቀሩትን በእጃቸው ማጠብ ቀጠሉ።

የኔነሽ ስልክ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ጤናቸው ነው፤ ቀጥላ ስለ ማሽኑ።

"ማሽኑስ እማ?"

"ደህና ነው ልጄ። ይኸው ሲዞር ይውላል።"

"አንቺስ እጅሽ?"

"ኧረ እጄማ የሙሽራ እጅ ሆነ! አንቺስ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው።"

አንድ ቀን እናቴ ይህን ስትሰማ አላስቻላትም። ስልኩ እንደተዘጋ ተከትላቸው ወጣች።

"እትዬ፣ ይንገሯት እንጂ። ልጅዎ አይደለች?"

"ምን ብዬ ልንገራት? ላብሽ ድንጋይ ሆኖ ቀረ ልበላት?" ሳፋው ላይ እንዳጎነበሱ ቀና አላሉም። "ያንቺ ልጅ ጉያሽ ሥር ናት። የእኔዋ በሰው አገር የሰው ሽንት ቤት ስትፈትግ ውላ፣ 'እናቴ ግን ዐርፋለች' ብላ ነው የምትተኛው። ይህን ከወሰድኩባት ምን ይቀራታል?"

እናቴ አጎንብሳ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዛ መጭመቅ ጀመረች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የኔነሽ በሥራ ቀን ደወለችና "እስቲ የማሽኑን ድምፅ አሰሚኝ፤ ናፈቀኝ" አለች። እትዬ አንጓች ግራ ተጋብተው ዞር ዞር አሉ። ከአጥራችን ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ፤ በቆሎ እየፈጨ ነበር። በፍጥነት ሄደው ስልኩን ከአጥሩ በላይ ዘረጉት።

"ኧረ እማ፣ ምነው እንዲህ ያጓራል?"

"አንሶላ አብዝቼበት ነው" አሉ እትዬ አንጓች።

ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ መልሰው የልጃቸውን ደስታ ይሰሙ ነበር። ደስታዋ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። የኔነሽ ኮንትራቷ እያለቀ ነበር፤ ልትመለስ አስባለች። አሁን ሥራው እንዲህ ከደራ ግን ሁለተኛ ማሽን ሳትጨምር መምጣት ሞኝነት ነው፤ ሌላ ቤት አግኝታለች፤ ኮንትራት ትፈርማለች።

እትዬ አንጓች ዝም አሉ። ዝምታቸው ስለረዘመ የኔነሽ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት "ሃሎ? ሃሎ?" ትል ጀመር። "ነይ" የሚለው ቃል አፋቸው ደርሶ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ነበር።

"እንደ ፈቀደሽ ልጄ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ እየራቀ ሄደ። ስትደውል ድምፅዋ ይደክማል፤ ለምን ጠፋሽ ስትባል "ስልኬ ተበላሽቶ ነው" ትላለች። "ደህና ነሽ?" ይሏታል፤ "ደህና ነኝ" ትላለች። "አንቺስ?" ትላቸዋለች፤ "ደህና ነኝ፣ ማሽኑም ደህና ነው" ይሏታል።

የኔነሽ የተመለሰችው ለማንም ሳትናገር ነው። ኅዳር ነበር፤ ከትምህርት ቤት ገብቼ ምሳ እየበላሁ። ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። አንዲት ከሲታ ሴት ወረደች፤ ባለ ባጃጁ ከኋላ ክራንች አቀበላት። ሻንጣ አልነበራትም፤ አንድ የፕላስቲክ ዘንቢል ብቻ። እየተወላገደች ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረች፤ የውሃውን ድምፅ ተከትላ ይመስለኛል። እናቴ ማን እንደሆነች አውቃ ከመቀመጫዋ ስትነሳ እኔም ተከተልኳት።

እትዬ አንጓች እስከ ክርናቸው ሳፋ ውስጥ ነበሩ።

"እማ" አለች የኔነሽ።

ቀና አሉ። አረፋ የሌለው ውሃ ከክንዳቸው ይንጠባጠባል።

"የኔነሽ? ልጄ... እግርሽ ምን ሆነ?"

"እጅሽ ምን ሆነ?"

 የኔነሽ ክራንቿን እየተከለች ወደ ቤት ገባች። ማሽኑ ጥግ ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የማርያም ሥዕል አለ። ሥዕሉን አንስታ አልጋው ላይ አስቀመጠች፤ ጨርቁን ገለጠች፤ ክቡን መስታወት ከፈተችው። ድንች እየተንከባለለ ወጣና በወለሉ ላይ ተበተነ። እትዬ አንጓች ብርድ እንዳይነካው ብለው የክረምቱን ድንች እዚያ ነበር የሚያስቀምጡት።

የኔነሽ ሳቀች። እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም።

"ለዚህ ነው ዓመት የጨመርኩት?" አለች። "ለድንች ጎተራ?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ልጄ። ውሃው ነው የበላው፤ ይማምን ጠይቂው፣ እኔ አላበላሸሁትም..."

"ማን አበላሸሽው አለሽ! 'ተበላሽቷል፣ ነይ' ብትይኝ እመጣ ነበር። በሁለት እግሬ እመጣ ነበር።"

ከአዲሱ ቤት ፎቅ መስኮት ስትወለውል ወድቃ ኖሯል። ዳሌዋ ተሰብሮ፣ በደንብ ሳይጠገን፣ ለመቆም ያህል ሲሻላት አሠሪዎቿ ባዶ እጇን አውሮፕላን አሳፍረዋታል።

"አንቺስ ወድቄያለሁ ብትይኝ ምን ነበር?" አሉ እትዬ አንጓች። ድምፃቸው የሕፃን ሆኖ ነበር። "ደህና ነኝ አላልሽኝም?"

"አንቺ ደህና ነኝ እያልሽኝ፣ እኔ በማን ላይ ላልቅስ?"

እትዬ አንጓች ወለሉ ላይ ተንበርክከው ድንቹን አንድ በአንድ በነጠላቸው መሰብሰብ ጀመሩ። እናቴ ልትረዳቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ሁለት ተከራይ ኖሩ። ምግብ አብረው ይበላሉ፤ ወሬ ግን የለም። የንስሐ አባታቸው አንድ ቀን መጥተው "እናትሽ ናትና ይቅር በያት" ሲሏት የኔነሽ "አልተጣላንም አባቴ። የምንነጋገረው ጠፋን እንጂ" አለቻቸው። ማሽኑን አሮጌ ብረት እየገዛ የሚዞር ሰው ጭኖት ሄደ። እትዬ አንጓች ማጠባቸውን አላቆሙም፤ የኔነሽ አጠገባቸው ተቀምጣ በአንድ እጇ ትጨምቃለች፣ በአንድ እጇ ክራንቿን ትይዛለች። ገመዱ ላይ ያለው ልብስ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ፤ በመካከሉ የምሮጥበትም ዕድሜ አለፈኝ።

እትዬ አንጓች የተኙት እኔ ኮሌጅ ልገባ በተሰናዳሁበት ክረምት ነው። ሳል ነበር የጀመራቸው፤ ቀጥሎ እብጠት መጣ፤ ሐኪም ቤት ገብተው ወጡ። ጠያቂ ሲመጣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ እንኳ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን።" ልሰናበታቸው የገባሁ ቀን የኔነሽ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ነበር።

"እንዴት ዋሉ እትዬ?" አልኳቸው።

"ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ ዛሬማ..."

"እማ!" አለች የኔነሽ። ጮኸች ማለት ይቻላል። "አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ እውነቱን ንገሪኝ!"

 እትዬ አንጓች ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያንቀላፉ መስሎኝ ልወጣ ስል ተናገሩ።

"ያመኛል" አሉ።

"የት ላይ?"

"ሁሉም ጋ።" ዓይናቸውን ገለጡና "ፈርቻለሁም" አሉ።

የኔነሽ ክራንቿን መሬት ላይ ጥላ እየተሳበች ወደ ራስጌያቸው ሄደች። ያን የተሰነጠቀ እጅ አነሳችና ጉንጯ ላይ አደረገችው። እኔ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት አረፉ። ከቀብር መልስ ሰዎች "ቢያንስ በመጨረሻ ታረቁ" ሲሉ ሰምቻለሁ። እርቅ ከሆነ በጣም የዘገየ፣ በጣም ያጠረ እርቅ ነው።

አሁን በሥራ ደብረ ታቦር ተመድቤ ስመለስ የኔነሽ እዚያው ግቢ ናት። ክፍሎቹን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታከራያለች። የሰፈሩ ሰው ሰላምታ እየሰጣት ቶሎ ያልፋል፤ ምክንያቱም የኔነሽን "ደህና ነሽ?" ያለ ሰው መልሱን ቆሞ መስማት አለበት። ደህና ካልሆነች "አይደለሁም" ትላለች፤ የት እንዳመማት፣ ምን እንዳስከፋት ትናገራለች። ደህና ከሆነችም "ዛሬ ደህና ነኝ" ትላለች፣ "ዛሬ" የምትለውን ቃል ረገጥ አድርጋ። አንዳንዱ ምሬት ነው ይላል፤ አንዳንዱ ቤይሩት ነው ያበላሻት ይላል። ተከራዮቿ ግን ከቤተሰባቸው ጋር በስልክ ተነጋግረው ሲጨርሱ እሷ ጋ እየመጡ ይቀመጣሉ።

አቼቶውን ባፈላሁ ማግስት፣ እሑድ፣ ልጠይቃት ሄድኩ። ከአባቴ ሞት በኋላ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሽንኩርት ትልጣለች።

"እንዴት ነሽ የኔነሽ?"

"ደህና አይደለሁም። ዳሌዬ በብርዱ ተነስቶብኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እናቴንም አስቤ አለቀስኩ። አንቺስ?"

"እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይ..."

ቢላዋውን አስቀመጠች። በደህናው እግሯ አንድ ዱካ ገፍታ ወደ እኔ አቀረበችልኝና ቀና ብላ አየችኝ።

"ተቀመጪ" አለችኝ። "እንደገና ልጠይቅሽ። እንዴት ነሽ?"

ተቀመጥኩ።  ከዚያ ስለ አባቴ መናገር ጀመርኩ።